ጉዝጓዝ ለእትዬ እንቁ

አይሱዙዋ መተሐራን ለቅቃ ወደ አዋሽ ስትበር ከኋላ የተደረደሩት ባልዲዎች እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። ሳህሊቱ አንገቷን በመስኮት አውጥታ የሚርገበገበውን ሸራ አየችና ወደ ሹፌሩ ዞረች።

«ቀስ በል እንጂ ጃዕፈር! የጫንከው እኮ አበባ ነው።»

«አበባ ስለሆነ ነዋ!» አለ ጃዕፈር እግሩን ከነዳጁ ሳያነሳ። «ሬሳ ቢሆን ቀስ እል ነበር፤ ሬሳ አይጠወልግም። አቦ፣ ቅጠል የጫነ ሰው ፍሬን አያውቅም።»

«ሬሳውማ ጭሮ ላይ እየጠበቀን ነው።»

የጃዕፈር ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። «ይቅር በዪኝ ኦቦሌቲ» አለ፤ እህቴ ማለቱ ነው። ከዚያ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ጥቂት ቆይቶም መልሶ ጨመረ።

ጊዜው ሚያዝያ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ነበር። ፋሲካ ቤት ተዘግቶ ያለፈበት፣ ረመዳን መስጊድ ተዘግቶ የገባበት ወር። መንገዱ ለሰው ተከልክሎ ለዕቃ ክፍት ስለነበር አውቶቡሶች በየመናኸሪያው ጎማቸው እየተነፈሰ ሲቆሙ፣ ሲሚንቶና ጤፍ፣ ጫትም እንደ ልባቸው ይሄዱ ነበር። ሳህሊቱም ያለፈችው በዕቃ ስም ነው። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ በቢሾፍቱ አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ የድኅረ ምርት ተቆጣጣሪ የሆነችው ወጣት፣ በጃዕፈር የይለፍ ወረቀት ላይ «ጫኝና አውራጅ» ተብላለች። አልከፋትም። ያን ሰሞን የምትሠራውም ከዚያ ብዙ የተለየ አልነበረም።

አውሮፓ ሠርጉንም ቀብሩንም ዘግቶ ጽጌረዳ የሚገዛ ጠፍቶ ነበር። ጽጌረዳው ግን ወረርሽኝ መግባቱን የነገረው የለም፤ በየማለዳው ይደርሳል፣ በየማለዳው ይቆረጣል፣ ከዚያ በጋሪ ተገፍቶ ጉድጓድ ይገባል። የዘንጉን ቀጥተኛነት፣ የቅጠሉን ጥራት፣ የእምቡጡን ልክ እያየች ይህ ይለፍ፣ ያ ይውደቅ ስትል የኖረችው ሳህሊቱ አሁን ሁሉም እኩል ሲወድቅ ቆማ ታያለች። ባለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጉድጓዱ ዳር ሳለች ነው ስልኳ የጮኸው። ሳጂዳ ነበረች፤ በጭሮ የአክስቷ የእትዬ እንቁ የግድግዳ ጎረቤት፣ እሳቸውን «አዮ»፣ እናቴ፣ የምትል ጫት ነጋዴ።

«ሳህሊ፣ አዮ እንቁ ሄደች።»

«የት ሄዱ?» አለች ሳህሊቱ። በዚያ ሰሞን ማንም የትም አይሄድም ነበርና።

ሳጂዳ ስታለቅስ ሰማቻት።

ቀብሩ በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ሳህሊቱ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገብታ ወደ ጉድጓዱ ከሚሄደው ላይ ልውሰድ ስትል ሰውዬው ቀና ብሎ ሳያያት በእጁ ሂጂ አላት። የበደሳ ጫት ቢሾፍቱ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ሳጂዳ አፈላልጋ አገኘችላት። ጎሕ ሲቀድ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ጽጌረዳ በውኃ ባልዲ እያቆሙ ጫኑ።

እትዬ እንቁን ማወቅ የአሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ አበባ ማወቅ ነው። ከተማዋ ገና በዚህ ስም ብቻ በምትጠራበት በንጉሡ ዘመን፣ ትልቅ ሰው ይመጣል በተባለ ቁጥር መግቢያው ላይ የቅጠል ቅስት ይቆም ነበር። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይተከላል፤ ጽድና ዘንባባ ይታሰርበታል፤ የአገሩ ክብር በቅስቱ ቁመት ይለካል። አሳሪው የእንቁ አባት ነበሩ፤ ልጃገረዲቱ እንቁ ከታች ሆና ገመድ ታቀብላለች። ያኔ አበባ ማለት የሚያልፉበት በር ነበር እንጂ በእጅ የሚይዙት ነገር አልነበረም።

ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ ምሰሶው ቀረ፣ ቅጠሉ ሄደ። አንድ ካድሬ ቀይ ወረቀት በጥቅል አምጥቶ ለከተማው ሴቶች አበባ ማጠፍ አስተማረ፤ እንቁ ከሁሉ ቀድማ ለመደች። ቀን ቀን ለአብዮት በዓል ቀዩን ታጥፋለች። ለቅሷቸው የተከለከለ ልጆች ነበሩ በዚያ ዘመን፤ እናቶቻቸው ሲነጋ በራቸውን ሲከፍቱ መቀርቀሪያው ላይ ነጭ የወረቀት አበባ ታስሮ ያገኛሉ። ማን እንዳሰረው የጠየቀ የለም። ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ነው «ባለጉንጉኗ እንቁ» የተባሉት። ከአሮጌ ጎማ የወጣ ሽቦ ያከብባሉ፣ ጽድ ያለብሱታል፣ የወረቀት አበባ ይሰኩበታል። በጅቡቲ በኩል የላስቲክ አበባ መጥቶ ገበያውን ሲሞላው አልነካም አሉ። «የማይሞት አበባ ለሟች ምን ያደርግለታል?» አሏት ሳህሊቱን። የእርስዎስ መቼ ይሞታል ብላ ስትሞግታቸው፣ «የእኔ ዝናብ ሲመታው ቀለሙን ያለቅሳል» ብለው አፏን አዘጓት። እውነተኛ ጽጌረዳ የያዙት በስተርጅና፣ እሷ ከሥራ ስትመጣ ይዛላቸው የመጣችውን ነው። አንዱን ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት፤ እሾሁ ሲወጋቸው ሳቁ። «አየሽ፣ ይኼ አይዋሽም» አሉ።

ጉንጉን ለሙስሊም ቤት አይወሰድም። እዚያ ውኃ ቀድተው፣ እንስራውን ራሳቸው ተሸክመው ነበር የሚገቡት። እንዲህም እንዲያም እያሉ በዚያች ከተማ እንቁ ያልደረሱት ለቅሶ አልነበረም። አሁን ተራው የከተማው ነበር፤ ያ ተራ ደግሞ በአዋጅ ተከለከለ። ከጥቂት ዘመድ በቀር ማንም አስከሬን አይሸኝም። ሳህሊቱን አዳማ ላይ ቁርስ እንኳ ያላስበላት ነገር ይህ ነው። የሁሉን ቀብር ያከበሩ ሴት እንደ መንገደኛ ሊቀበሩ ነው። ሰውን ይዛላቸው መሄድ አትችልም፤ ጽጌረዳውን ግን ትችላለች። ለእትዬ አንድ እውነተኛ ጉንጉን መጎንጎን የሚችል ሰው ከእሷ ሌላ የቀረ የለም።

አዋሽ ላይ ኬላ ነበር። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠች ማስክ ያጠለቀች ሴት ግንባር ላይ የሚደገነውን የሙቀት መለኪያ አነሣች። ጃዕፈር አለፈ። ሳህሊቱ አላለፈችም።

«ሙቀትሽ ከፍ ብሏል።»

«በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲመታኝ ነው የመጣሁት። አዋሽ ነው እኮ ያለነው!»

«ጥላ ሥር ተቀመጪ፤ እንደገና እንለካለን። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጫኝና አውራጅ።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እስቲ እጅሽን?»

ሳህሊቱ በእሾህ የተተለተለውን መዳፏን ዘረጋች። ሴትየዋ እያዘነች «አይ የእንጀራ ነገር!» ብላ ሳኒታይዘር አፈሰሰችበት። እሳት ነበር።

ሁለት ጊዜ ተለካች፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሦስተኛው ስትለቀቅ ጃዕፈር ሞተሩን አስነሥቶ ሸራውን አጥብቆ አስሮ ነበር። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ ፊቱ ግን በርቷል። አሰቦትን እስኪያልፉ ድረስ እያፏጨ ነዳ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለ በመጨረሻ። «ስለ አበባሽ አታስቢ። አሁን ጅቡቲ ድረስ ብትወስጂውም ይደርሳል።»

«እንዴት?»

«እንደ ጫት አደረግኩልሻ!»

«አቁም» አለች።

«እዚህ? ፀሐይ ላይ?»

«አቁም አልኩህ!»

ዘልላ ወርዳ ሸራውን ገለጠች። ባልዲዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰክተው ጥግ ላይ ቆመዋል። ጽጌረዳው ከጫቱ በተረፈ የሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በጆንያ ተጀቡኖ፣ በገመድ ተቀፍድዶ ተደርድሯል። አንዱን እስር ፈታች። ሞቃት እንፋሎት ፊቷ ላይ ወጣ፤ የተቀቀለ ጎመን የሚመስል ሽታ ነበረው። ከመሃሉ አንድ ዘንግ ሳበች። ዘንጉ እጇ ላይ ቀረ፣ አበባው ከአንገቱ ተቀንጥሶ እግሯ ሥር ተበተነ።

«ምን አደረግክብኝ!»

«ባልዲው እኮ ባዶ ነበር» አለ ጃዕፈር። «እንዲያው ስከፍተው ውኃው ሁሉ መንገድ ላይ ፈስሶ አበባሽ አንገቱን ደፍቷል። ምን ላድርግ? ለማፍጠሪያ የያዝኩትን ጀሪካን አርከፈከፍኩበት። ቅጠል አለበስኩት። አሰርኩት። ረገጥኩት።»

«ረገጥከው?»

«ካልረገጥሽው አየር ይገባዋላ!»

«አየር ይግባው! ጽጌረዳ ይተነፍሳል! አፍነህ ቀቀልከው እኮ!»

«ጫትስ አይተነፍስም? አባቴ በዚህ አስተሳሰር ነው ያሳደገኝ። አንድ ቅጠል ጠወለገብኝ ያለ ደንበኛ የለም።»

«ጫት የሚቅም ሰው የጫቱን መልክ አያይማ!»

ጃዕፈር የተፈታውን ገመድ ይጠቀልል ጀመር። ከንፈሩ በጾም ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ባዶው ጀሪካን አጠገቡ ተጋድሟል። ሳህሊቱ ጀሪካኑን አየችው። መናገር የማትወደውን ነገር ቶሎ ተናግራ መገላገል ልማዷ ነበር።

«ባልዲ በክፍት መኪና የጫንኩት እኔ ነኝ። በዚህ መንገድ ላይ። እኔም ጅል ነኝ። በል ንዳ፤ እኔ ከኋላ ነኝ።»

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚወጣውን ዳገት ከጭነቱ ላይ ተቀምጣ ወጣችው። ይዛ የመጣችውን የሽቦ ቀለበት ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እስሩን ሁሉ እየፈታች ደህና ዘንግ መረጠች። ስትሰካው ይረግፋል። ሌላ ትመርጣለች፤ ያም ይረግፋል። በየመታጠፊያው ከጎን ወደ ጎን እየተንሸራተተች፣ በጥርሷ ክር እየያዘች ሞከረች። ቆላው ከታች ሲቀርና ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ቀለበቱ ራቁቱን ነበር፤ እሷ ግን እስከ ጉልበቷ በአበባ ቅጠል ተውጣለች። በንዴት ሽቦውን ወረወረችው። ከዚያ ምን እንደምታደርገው ሳታውቅ፣ ስለማይጣል ብቻ፣ የረገፈውን እየዛቀች በማዳበሪያ ጆንያ ትሞላ ጀመር። የዳር ዳሩ ጠቁሯል፤ የመሃሉ ግን ገና ጽጌረዳ ነበር፤ ይሸታልም።

ጭሮ ጸጥ ብላ ነበር። ባጃጆች በሾፌሩና በተሳፋሪው መሃል ላስቲክ ጋርደው ባዶ ይመላለሳሉ። ወደ እትዬ እንቁ ሰፈር ሲታጠፉ ጃዕፈር መኪናዋን አቀዘቀዘ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በየደጁ፣ ሰው ቆሟል። ነጠላ ያዘቀዘቁ አሉ፤ ሻሽ የጠመጠሙ፣ ጥቁር ሒጃብ የለበሱ አሉ። ማንም ከደፉ አይወጣም። ማንም አያወራም።

የግቢው በር ላይ ሲስተር ዮሐና ቆማለች። ከወላይታ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የሚገባውን ሰው በጣቷ ትቆጥራለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ ቤተሰብ ነሽ፣ ግቢ» አለቻት። «ከአንቺ በኋላ ግን በቃ። እኔን ሲያዩኝ ሰይጣን ያዩ ይመስላቸዋል፤ ምን ላድርግ?»

ሳጂዳ ከጎረቤቱ በር ላይ ሆና እጇን ዘረጋች። መተቃቀፍ ስለተከለከለ የተዘረጉት እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«ጉንጉኑ የት አለ?» አለች።

ሳህሊቱ አንዱን ጆንያ ከመኪናው ጎትታ አፉን ከፈተችላት። «ይኸው ጉንጉን። ይኼ ነው የቀረው። እትዬን በርጋፊ ልቀብራቸው ነው።»

ሳጂዳ ጎንበስ ብላ አየች። «ሱብሓነላህ!» አለች። ከዚያ ሁለት እጇን አጣምራ እንደ ጽዋ ዘረጋች። «ስጪኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«አዮ እንቁ የአባቴን ለቅሶ፣ ተዕዚያውን፣ ውኃ ተሸክማ ነው የገባችው። እኔ ቀብሯ አትሄጂም ተባልኩ። በደጄ ስታልፍ እወረውርላታለኋ! ይኼም ሐራም ነው?»

ሳህሊቱ እጇን ጆንያው ውስጥ እንደከተተች ቀና አለች። መንገዱን ወደ ላይ አየችው፤ በየደጁ የቆመውን ሰው፣ ባዶ እጁን ያንጠለጠለውን። ጉንጉን አንድ ሰው ይሸከመዋል። ይህን ግን...

«ጃዕፈር! መኪናውን አዙር!»

ድምፁን ሰምተው መልአከ ሰላም ህሩይ ከግቢው ወጡ። የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ጥምጥማቸውን ከጆሯቸው በላይ ከፍ አድርገው ማስካቸውን ከአገጫቸው በታች አድርገዋል።

«ምንድን ነው ይኼ ሁካታ?»

«አባታችን፣ አበባውን በየደጁ ላድል ነው። እትዬ ሲያልፉ ሰው ይበትንላቸዋል።»

«በመንገድ ላይ? ልጄ፣ እሱ ጉዝጓዝ ነው። ጉዝጓዝ ለሠርግ ነው፣ ለክርስትና ነው፣ ለበዓል ነው። ሐዘን የገባበት ቤት ቄጤማ ይጠረጋል እንጂ አይጎዘጎዝም። እንቁን መሳለቂያ ልታደርጊያት ነው?»

«ሰውም ይሰበሰባል» አለች ሲስተር ዮሐና ከበሩ ላይ። «ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

«ከደጁ የሚወጣ የለም። አሁንም ቆመዋል አይደል? እንደቆሙ ይወረውራሉ።»

ሲስተር ዮሐና መንገዱን ወደ ላይ አየች። «ከወጡ አስቆማለሁ» አለች፤ ድምጿ ግን የክልከላ አልነበረም።

«ቄሱ» አለ ጃዕፈር ከጋቢናው ብቅ ብሎ፣ «አንተ እሺ በል ብቻ፤ ማደሉን እኔ አፈጥነዋለሁ።»

መልአከ ሰላም ጃዕፈርን ገላምጠው አለፉት። ሳህሊቱ አንድ እርምጃ ቀረበች፤ ስለ ርቀቱ አስባ ግማሹን ተመለሰች።

«አባታችን፣ ዘንድሮ ቀዳም ስዑር ለማን ቄጤማ አሰሩ?»

በየዓመቱ በዚያች ቅዳሜ ካህናቱ የተባረከ ቄጤማ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ትልቁም ትንሹም ግንባሩ ላይ አስሮ ፋሲካን ይጠብቃል። ዘንድሮ አልዞሩም።

«ታጭዶ መጥቶ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ባርኬው ነበር። ደጀ ሰላሙ ላይ ደረቀ።»

«ታዲያ ይኼም ይድረቅ?»

«በሥርዓት አትከራከሪኝ አንቺ ልጅ።»

«በሥርዓት አይደለም አባታችን፣ በሰዓት ነው። ይኼ አበባ እስከ ማታ ጥቁር ነው። እትዬ ደግሞ ሁለተኛ አያልፉም።»

መልአከ ሰላም ማስካቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፤ አሳብ ሲገባቸው ጢማቸውን የሚነኩበት ቦታ ተሸፍኖባቸው ነበርና እጃቸው የሚያርፍበት አጣ።

«ከእግር በታች አይጣል» አሉ በመጨረሻ። «እንቁን የሚረግጣት የለም። በሳጥኑ ላይ ይውረድ። እልልታ እንዳልሰማ!»

ጃዕፈር እንዳለው አደረገ። እሱ በእግር ፍጥነት ሲነዳ ሳህሊቱ ከኋላ ቆማ ለየደጁ በሳፋ ሰፈረችለት። ሰው ሻሹን፣ ነጠላውን፣ ቆቡን፣ የቀሚሱን ጫፍ ዘረጋ። አንድ ባለ ሱቅ የሚዛን ሰሃኑን ይዞ ወጣ። አንዲት አሮጊት የወረቀት አበባ ይዘው ቆመው ነበር፤ ቀለሙ ለቅቆ ግራጫ ሆኗል፤ ከስንት ዘመን ጀምሮ እንዳስቀመጡት ሳህሊቱ አልጠየቀችም። ከጽጌረዳው ጋር ደባለቀችላቸው። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲታይ ጆንያው ሁሉ ተራግፎ ነበር።

አስከሬኑ ወጣ። ተሸካሚዎቹ አራት ነበሩ፤ ከኋላቸው የሚቆጠር ዘመድ፣ ከዚያ መልአከ ሰላም ከመስቀላቸው ጋር። እንዲህ ያለ ትንሽ ቀብር ያች ከተማ አይታ አታውቅም። ሳጂዳ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቀዩ ከነጩ ጋር በጥቁሩ መጎናጸፊያ ላይ ወረደ።

«አዮ፣ ደርሻለሁ!» አለች ጮክ ብላ።

ከማዶ ያለው ደጅ ተቀበላት። «እትዬ እንቁ፣ ደርሰናል!» ከዚያ የሚቀጥለው። የሚቀጥለው። ሰው ስሙን እየጠራ ነበር የሚበትነው፤ ማን እንደመጣ እንዲያውቁት። «ብሩ ነኝ፣ ደርሻለሁ።» «ዑሙልኸይር ነኝ አዮ፣ የሙሐመድ እናት።» እልልታ አልነበረም፤ ሙሾም አልነበረም። ስምና ጽጌረዳ ብቻ ከግራም ከቀኝም ይወርድ ነበር። ነፋስ ያንሸራተተው አስፋልቱ ላይ ወድቆ የተሸካሚዎቹ እግር ረገጠው፤ መልአከ ሰላም አይተው እንዳላዩ አለፉ። ሲስተር ዮሐና ከኋላ ርቀት ጠብቃ ትከተላለች። ከደጁ የወጣ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ስለነበር አላየችም።

ከአጥሩ ውስጥ ጸጥታው ተመለሰ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ሳጥኑ በገመድ መውረድ ጀመረ። ሳህሊቱ ከጉድጓዱ ራስጌ ቆማ እጆቿን አየች። እሾህ፣ ጭረት፣ የደረቀ ሳኒታይዘር። ለከተማው ሁሉ ስትሰፍር ለራሷ አላስቀረችም። ከትናንት ጀምሮ አላለቀሰችም፤ የሚነዳ መኪና፣ የሚፈታ እስር፣ የሚሞላ ጆንያ ነበረባት። አሁን ምንም አልነበረባትም።

«ቆይ» አሉ መልአከ ሰላም ገመዱን የያዙትን።

ጎንበስ ብለው ከሳጥኑ ክዳን ላይ አንድ እፍኝ ዘገኑ። ዳሩ ጠቁሯል፣ መሃሉ ግን ቀይ ነበር። ርቀቱን ረሱት፤ ቀርበው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«አንቺም ድረሺላት» አሉ።

«ሳህሊቱ ነኝ እትዬ» አለች። «ደርሻለሁ» የሚለውን ቃል ግን እንባዋ ቀደመው። እጇን ከፈተች።